የእድሩ ማንቆርቆሪያና የደምሴ አበባ

ባለፈው ሰንበት ልጄ ሕይወት «እማዬ፣ ትንሽ ነፋስ ይንካሽ» ብላ ላፍቶ አዲስ የተከፈተ ካፌ ወሰደችኝ። ነፋስ ሊነካኝ ቀርቶ መስኮቱ እንኳ አይከፈትም። ወንበሩ ከመርዘሙ የተነሣ እግሬ መሬት አልደርስ ብሎ እንደ ሕፃን ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ጠረጴዛው ላይ ያ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የቆርቆሮ ኩባያ ተቀምጧል፤ በእኛ ጊዜ በየቤቱ የነበረው፣ አንዴ ወድቆ ከተላላጠ በኋላ ዝገት የሚያወጣው። ውስጡ ጽጌረዳ ተሰክቶበታል። ውሃ ብጠይቅ አስተናጋጇ የታሸገ ውሃ አምጥታ ብርጭቆውን ረሳችው። «ግድ የለም፣ አበባውን አንሺውና በዚሁ ኩባያ ቅጂልኝ» አልኳት። «እማማ፣ እሱ እኮ ዲኮር ነው» አለችኝ፣ ልክ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ልነካ እንደሆነ ሁሉ። ዲኮር! ልጄ በሳቅ ልትሞት ደረሰች፤ እኔ ግን ያ የዱሮው ንዴት ተነሣብኝ። ምክንያቱም ይህን ዲኮር የሚሉትን ነገር እኔ በገዛ ማድ ቤቴ፣ ማንም ስም ሳያወጣለት፣ ዓመታት ሙሉ ችዬዋለሁ። ባለቤቴ ደምሴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚህ ነገር ቆሽቴን እንዳሳረረው ሌላ ሰው አሳርሮት አያውቅም።

ያኔ ሰፈራችን መካኒሳ እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልነበረችም። ቤቶቻችን የጭቃ ነበሩ፤ አጥራችን ባህር ዛፍ፣ መንገዳችን በክረምት ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ። ላፍቶ ገና እርሻ ነበር፤ ፉሪማ ዘመድ ያለው ሰው ብቻ ስንቅ ይዞ የሚሄድበት አገር ነው። ከተማ የምንወጣው በውይይት ታክሲ ነበር፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን፣ የማናውቀው ሰው ዘንቢል እግራችን ላይ አርፎ፣ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን። ታክሲው የሚቆምበት ማዕዘን ላይ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ አንዲቷን ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ እየገለበጠ ሲያጫውት፣ ሽንኩርት እየላጥኩ ዘፋኙ የት ላይ እንደሚተነፍስ ሳይቀር አውቅ ነበር። ወጣቶቹ በጠራራ ፀሐይ የቆዳ ጃኬት ለብሰው እዚያ ይቆማሉ፤ ላባቸው በጆሯቸው ሲወርድ ጃኬቱን ማውለቅ ግን ሞት ነው። እኔም ብሆን ከሰልባጅ የገዛሁት ትከሻው እንደ ወታደር የቆመ ኮት ነበረኝ፤ ሕይወት ፎቶውን ባየች ቁጥር ትስቅብኛለች። ዛሬ የትኛው ልብስ ከዚያ እንደሚሻል ንገሩኝ። አሁን ያንን ማዕዘን ልሻገር ብል መኪናው አያሳልፈኝም፤ ቆሜ ቆሜ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

በዚያን ጊዜ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከቤታችን በታች ያለው ጋራዥ ሠራተኞችና የትምህርት ቤቱ መምህራን እኔ ዘንድ ምሳ ይበላሉ። ሽሮ በሁለት ብር፣ ምስር ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሥጋ በበዓል ሰሞን። ዕቃዬ ብዙ አልነበረም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የሥራ ድርሻ ነበረው። ጆጉ ለውሃ፣ ማንቆርቆሪያው ለሻይ፣ ወንፊቱ ለዱቄት፣ ብርሌዎቹ ለበዓል። በተጨማሪም የሴቶች እድራችን ዕቃ በእኔ እጅ ነበር። ጓሮ ያለችው ትንሽ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የለቅሶ ሰታቴዎች፣ ትሪዎች፣ ብርጭቆዎችና ትልልቅ ማንቆርቆሪያዎች ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ቁልፉ ከመኝታዬ ራስጌ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእድር ዕቃ የተሰጣት ሴት የታመነች ሴት ናት፤ በመንገድ ስታልፍ ሰላምታው እንኳ ሌላ ነው።

ደምሴ የጦር ሠራዊት ከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ሰፈርተኛው ሃምሳ አለቃ ይለዋል። መንግሥት ሲለወጥ እንደ ጓደኞቹ ሁሉ ተሰናብቶ፣ ከስቶ፣ አንዲት ጨርቅ ቦርሳ ይዞ መጣ። እንደሱ ያለ ሹፌር ከተማውን ሞልቶት ስለነበር ሥራ አላገኘም። ምን እንዳየ፣ የት እንደዋለ ብጠይቀው «አለሁ እኮ፣ ይኸው መጣሁ» ይለኛል እንጂ አይነግረኝም። ጠዋት ይወጣል፣ ወንዝ ለወንዝ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እኔም ተውኩት። ሰው ነው፣ ይረጋጋል አልኩ።

አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ አበባ ለሽያጭ ከሚያለሙ ሰዎች ዘንድ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። አንገቱ የተጣመመውን፣ ቅጠሉ የተቦጨቀውን አበባ ገዢ ስለማይወስደው እየለዩ ይጥሉታል፤ እሱ ደግሞ ይለቅመዋል። የዚያን ዕለት ምሳ ላይ አንድ ወጣት መምህር ውሃ ቢጠይቀኝ ጆጉን አንሥቼ ብቀዳለት ብርጭቆው ውስጥ ቀይ የአበባ ቅጠል ተንሳፈፈ።

«እትዬ አስናቀች፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ።

ዞር ብል አበቦቹ ጆጉ ውስጥ አልነበሩም፤ ደምሴ የደንበኞች ድምፅ ሲሰማ ፈጥኖ አውጥቷቸው ባልዲ ውስጥ ከትቷቸዋል። ውሃውን ግን አልደፋውም!

«ደምሴ! የአበባ እጣቢ ለሰው ላጠጣ ነበር እኮ!»

«ንጹሕ ውሃ ነው፣ አስናቅዬ። ከምንጩ የቀዳሁት ነው።»

ያ መጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ ማድ ቤቴ የእኔ መሆኑ ቀረ። ሻይ ላፈላ ማንቆርቆሪያ ስፈልግ ከአፉ ጽጌረዳ አውጥቶ ያየኛል። ብርሌዎቼ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ዘንግ ይዘው መስኮት ላይ ተሰልፈዋል። ጭልፋዬን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ውሃ ሞልቶ፣ አንዲት ቢጫ አበባ አንሳፍፎበታል። ወንፊቴንማ በውሃ የተሞላ ድስት ላይ ደፍቶ፣ በየቀዳዳው ቀጭን ቀጭን ዘንግ እየሰካ አቁሞት፣ «አየሽ፣ እንዲህ ሲሆን አይወድቁም» ይለኛል። ዱቄቴ ሳይነፋ ቀርቶ፣ ሊጡ ሳይቦካ፣ እሱ ስለማይወድቅ አበባ ያስተምረኛል! ሙቀጫዬ ውስጥ ነጭ፣ እንደ ጥሩምባ አፉን የከፈተ አበባ አግኝቼ ነጭ ሽንኩርቴን በድንጋይ የወቀጥኩበት ቀን አለ። የሳልሳ ጣሳ፣ የወተት ጣሳ፣ የተሰነጠቀ የሽሮ ድስት ሲሆንማ አልናገርም ነበር። ሰውየው ግን የተሰነጠቀውን ከደህናው አይለይም። ለምን ብለው «ሲቆም የሚያምርበት ዕቃ አለ፣ የማያምርበት አለ» ይላል። የሚያምርበት ሁልጊዜ እኔ የምፈልገው ነው።

ቢመረኝ መርካቶ ወርጄ የአበባ ማስቀመጫ ገዛሁ። የብርጭቆ ነው፣ ወገቡ ቀጭን፣ አፉ እንደ ቀሚስ ዘርፍ የተገለበጠ። እንዳይሰበርብኝ በውይይት ታክሲ እንደ አራስ ልጅ አቅፌው መጣሁ፤ አንድ ሽማግሌ ዘንቢላቸውን በላዩ ሊያሳርፉ ሲሉ «አባቴ፣ በእግዚአብሔር!» ብዬ ጮኼ ታክሲውን አስደንግጫለሁ። ደምሴ ተቀበለኝ፣ አገላብጦ አየው፣ አመሰገነኝ። በማግሥቱ ውስጡ የእንጨት ማንኪያዎቼን ደርድሮበት አገኘሁት። አበቦቹ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ናቸው።

«ምን አድርጊ ነው የምትለኝ? ለአበባ የተሠራ ዕቃ ይኸው!»

«እሱ ሥራ አይፈራም፣ ገና አዲስ ነው» አለኝ። «ማንቆርቆሪያው ግን ዕድሜውን ሙሉ እሳት ላይ ነው። ዕቃም አንዳንዴ ይረፍ እንጂ።»

«የአንተ ማረፍ ለቤቱ አይበቃም?» አልኩት። ክፉ ንግግር ነው። እሱ ግን ፈገግ አለና «እኔማ ገና መች ዐረፍኩ» ብሎ ወጣ። ምን ማለቱ እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜም አልነበረኝም፤ ድስቴ እየገነፈለ ነበር።

እህቴ ፉሪ ወልዳ ክርስትና ሄድኩ። ስመለስ ገና ከታክሲው ሳልወርድ ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። የሞቱት ጋሽ በቀለ ነበሩ፤ ልብስ ሰፊው፣ የእድራችን ዳኛ የእትዬ የሺመቤት ባለቤት። እትዬ የሺመቤት ማለት ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራቸው ሴት ናቸው። በወር መዋጮ አንዲት ሴት ብትዘገይ በሕዝብ ፊት ያቆሟታል፤ የተሰበረ ብርጭቆ ካለ ስብርባሪው ቀርቦ ካልታየ አያምኑም። እንግዲህ ሟች የእሳቸው ሰው ነው፤ ዕቃው ያለው እኔ ዘንድ ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ እየሮጥኩ ቤቴ ስደርስ ከእድራችን ሴቶች እነ አስካለ ዕቃ ሊያወጡ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ቁልፉን አምጥቼ የቆርቆሮዋን ክፍል ከፈትኩት።

ሽታው ነው ቀድሞ የመታን። ከዚያ ዓይናችን ጨለማውን ሲለምድ አየነው። የእድሩ ማንቆርቆሪያዎች በሙሉ፣ አንዱም ሳይቀር፣ አፍ አፋቸውን በጽጌረዳ ሞልተው እንደ ሚዜ ተሰልፈዋል። ሰታቴዎቹ ላይ ነጩ አበባ ክምር ነው። ለካስ እኔ በሌለሁበት አበባ አልሚዎቹ የከረመባቸውን ሁሉ ጠርገው ጥለውለት፣ የቤቱ ዕቃ አልበቃ ቢለው፣ ክፍሏ ቀዝቃዛና ጨለማ ስለሆነች ይቆይልኛል ብሎ ነው።

«ወይ ጉድ!» አለች አስካለ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። «እኛ የመጣነው ለለቅሶ ነው ለሰርግ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። አበባውን እያፈስን ጓሮ ወረወርነው። አመድና አሸዋ ይዘን እንፈትግ ጀመር። ደምሴ መጥቶ አየን፤ አንዲት ቃል ሳይናገር እጅጌውን ሰብስቦ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጦ ሲፈትግ ዋለ። ቢናገር ኖሮ በማንቆርቆሪያው እመታው ነበር።

ያም ሆኖ አላመለጥኩም። ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ አስካለ ለእትዬ የሺመቤት ሻይ ልትቀዳ ማንቆርቆሪያውን ብታዘነብል አልወርድ አለ። ነቀነቀችው። ከጡቱ ጉርግር የሚል ድምፅ ወጣ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ቅንጥብ ዘንግ ከነእንቡጡ ተስፈንጥሮ ብርጭቋቸው ውስጥ ገባ። እትዬ የሺመቤት ብርጭቆውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። «ሌላ ብርጭቆ አምጡልኝ» አሉ፣ ሌላ ምንም አላሉም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በወሩ የእድር ስብሰባ ተጠራ፤ ደምሴም እንዲቀርብ ታዘዘ። ወንድ ልጅ በሴቶች እድር ፊት ሲቆም በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም። አንዳንዶቹ ሴቶች «የእትዬ የሺ ሐዘን ነውና ይለፍ» ቢሉ፣ እሳቸው ከል እንደለበሱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው «ሐዘኑ የእኔ ነው፣ ሕጉ የእድሩ ነው» አሉ። ደምሴ ኮቱን ቆልፎ፣ እጁን ጎኑ ላይ አጋጥሞ፣ እንደ ሰልፍ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አጥፍተሃል ወይስ አላጠፋህም?»

«አጥፍቻለሁ፣ እትዬ የሺ።»

«የለቅሶ ዕቃ እንደሆነ እያወቅህ?»

«እያወቅሁ።»

«ድንገት ሞት ቢመጣስ ብለህ አላሰብክም?»

ደምሴ መሬት መሬት አየ። «እትዬ የሺ» አለ፣ «እኔ ብዙ ዓመት እሱን ብቻ ሳስብ ነው የኖርኩት። ጠዋት ስነሣ ዛሬ ማን ይሞታል እላለሁ፤ የሞተውንም በመኪናዬ የምመልስ እኔ ነበርኩ። ያን ሰሞን ትንሽ ረስቼው ነበር። አጥፍቻለሁ።»

እኔ ደግሞ፣ የሚፈርድብኝ ይፍረድብኝ፣ ከማዘኔ በፊት የተናደድኩት መናደድ! ሌሊት ከጎኑ ተኝቼ ስጠይቀው የኖርኩትን፣ ለእኔ ለሚስቱ ያልነገረኝን፣ ተነሥቶ ለእድር ይናገራል? ዓይኔ እንባ ሞልቶ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። እትዬ የሺመቤት ጉሮሯቸውን ጠረጉና ፈረዱ። ቁልፉ ከእኔ ተወስዶ ለአስካለ ይሰጥ፤ ዕቃውን ሁሉ ከእኔ ቤት እስከ አስካለ ቤት ሃምሳ አለቃ በጀርባው ያመላልስ። አመላለሰም። ሰፈርተኛ በር በሩ ላይ ቆሞ እያየ፣ ሰታቴ ተሸክሞ፣ ዳገቱን ላብ በላብ ሆኖ ሲወጣና ሲወርድ ዋለ። እኔ ለሳምንታት ወደ ወፍጮ ቤት እንኳ በጓሮ መንገድ ነበር የምሄደው።

ነገሩ አለቀ ስል፣ ከአርባው በኋላ አንድ ጠዋት እትዬ የሺመቤት ግቢዬ ገቡ። ነጠላቸው ሥር የሆነ ነገር ደብቀዋል።

«አለ?» አሉኝ።

«ማን?»

«ሃምሳ አለቃ ነዋ!»

ደግሞ ምን አጠፋ አልኩ በልቤ። ነጠላቸውን ገለጥ ቢያደርጉ አንዲት የጠቆረች አሮጌ ማንቆርቆሪያ ናት። «ቂጧ ተበስቷል፣ ለምንም አትሆንም» አሉ ዓይናቸውን ከእኔ አሽሽተው። «በቀለ ጠዋት ጠዋት ፊቱን የሚታጠብባት ነበረች። ልጥላት ብዬ እጄ እንቢ አለኝ። ባዶዋን ሳያት ደግሞ አልቻልኩም።»

«ታፈሳለች እኮ፣ እትዬ የሺ» ከማለቴ ደምሴ ከኋላዬ «በጧፍ ሰም እደፍናታለሁ» አለ። ደፈናት። ረጃጅሙን ነጩን አበባ ከኋላ፣ ትንንሹን ቀዩን ከፊት አድርጎ ሞላት። እትዬ የሺመቤት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እጁን ብቻ ሲከታተሉ ቆዩ። ሲነሡ «እግዜር ይስጥህ» አሉት። እኔን «ግቢሽ አቧራው በዝቷል፣ ውሃ ርጪበት» ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያማ ማን ይቻላቸው! እትዬ የሺመቤት ያደረጉት ነገር ነውር መሆኑ ቀረ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቂጡ የተበሳ ድስት፣ እጀታው የወለቀ መጥበሻ፣ የተላላጠ ኩባያ፣ ክዳን የሌለው ፔርሙዝ እየያዘች ትመጣ ጀመር። አንዷ የሞተች እናቷን የካሮት መፈግፈጊያ አመጣች፤ በመፈግፈጊያ ምን ይደረጋል? እሱ አደረገበት። አንዳንዷ አበባው ተሞልቶላት ሲያበቃ ምሳዬን በነፃ በልታ፣ አገሯን አውርታ ነው የምትሄደው። ግቢዬ የብረታ ብረት ተራ መሰለ። የጋራዡ ልጆች ሲገቡ «እትዬ አስናቀች፣ ቁራሌውን ጀመሩት እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔ እነግራችኋለሁ፣ ሰው በዘመኑ መከራ ሲያይ ይታዘንለታል፤ በአበባ መከራ ያየች ሴት ግን ማን ያዝንላታል? ሁሉም «ታድለሽ!» ነው የሚለኝ።

በመጨረሻ «ወይ እኔ፣ ወይ ይሄ ጉድ» አልኩት። የአበባው እርሻ ኃላፊ ደግሞ ይህ ሰው ጠርገው የሚጥሉትን ሁሉ ለቅሞ ምን እንደሚያደርግበት ሰምቶ ኖሮ፣ በዚያው ሰሞን አስጠርቶ አበባ እንዲለይ ቀጠረው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በጠዋት ይወጣል፣ ደክሞት ይገባል፣ እጁን ታጥቦ ይተኛል። ቀኑን ሙሉ አበባ ሲያነሣ ሲጥል ስለሚውል ነው መሰለኝ፣ አንዲት ዘንግ ይዞ መምጣት ተወ። ጆጉ ጆግ ሆነ፣ ወንፊቱ ወንፊት። ለምኜ ያገኘሁት ነገር ነው። ግን ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ማድ ቤት ገብቼ እጄን ወደ ዕቃ ስዘረጋ ቀድሞ ምን ላገኝ ነው እያልኩ እየሰጋሁ ነበር የምዘረጋው፤ አሁን የዘረጋሁትን አገኛለሁ፣ አለቀ። መስኮቱ ባዶ ነው። ምሳ የሚበሉት ሰዎች እንኳ በልተው ዝም ብለው ይወጣሉ። ይህ ደግሞ በተራው ጨጓራዬን ይልጠኝ ጀመር። ሰው ሥራ ሲይዝ ቤቱን እንዲህ ይረሳል?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢዬ ውስጥ እትዬ የሺመቤትን፣ አስካለንና ሌሎችን ሰብስቤ በርበሬ እየቀነጠስን ነበር። ደምሴ ከሥራ ገባ። እጁ ባዶ ነው። ሴቶቹን ሰላም ብሎ ወደ ቤት ሊያልፍ ሲል አላስቻለኝም።

«ደምሴ!»

«አቤት።»

«እዚያ የምትሠራበት ቦታ አበባ አልቆባቸው ነው?»

«ኧረ አላለቀም፣ ሞልቷል።»

«ታዲያ…» አልኩና ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፣ «ምነው ባዶ እጅህን መመላለስ አበዛህ?»

«ምን አልሽ?» አለኝ። ሰምቷል። ፊቱ ላይ አየሁት፣ አሳምሮ ሰምቷል።

«አበባ ይዘህ አትመጣም ወይ ነው የምልህ።»

«አልተሰማኝም፣ አስናቅዬ። ትንሽ ጮክ በይ።»

ሴቶቹ ቅንጠሳቸውን አቆሙ። ደሜ ፈላ። «አበባ አምጣ!» ብዬ ጮህኩ፣ ታክሲ ማቆሚያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «አበባ! አበባ አምጣ አልኩህ! ደንቆሮ!» የበርበሬው ብናኝ ጉሮሮዬ ገብቶ ሳል ያዘኝ፤ ዓይኔ እንባ በእንባ ሆነ። አስካለ ከሳቋ ብዛት ሰፌዱን ደፋችው።

እትዬ የሺመቤት ከሉን እንደለበሱ ቀና አሉ። «ሃምሳ አለቃ» አሉ፣ «ትእዛዝ ተሰጥቶሃል።»

ደምሴ ተረከዙን ገጭ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ይፈጸማል!» አለና፣ አረፍ እንኳ ሳይል፣ በገባበት በር ተመልሶ ወጣ።

እኔም እያስነጠስኩና እየተራገምኩ ባዶ ዕቃ ፍለጋ ወደ ማድ ቤቴ ገባሁ።